ሞተር በቀየርኩ ቁጥር የከፈልኩት

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የውሃ ፓምፕና የጀነሬተር ጠጋኝ ነኝ። ደንበኞቼ ግን ከተማ ውስጥ አይደሉም። ሸዋ ሮቢት በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ አሉ፣ እነዋሪ አሉ፣ ደነባ አሉ፣ አንኮበር መንገድ ላይም አሉ። ፓምፕ ቆመ ማለት ማሳ ደረቀ ማለት ነው። ስልክ ሲደወልልኝ «ነገ እመጣለሁ» አይባልም። ስለዚህ ሞተር ሳይክል ለኔ ቅንጦት አይደለም። እንደ ካቻቢቴና እንደ ፒንሳ የሥራ ዕቃ ነው።

እኔ ግን ለስድስት ዓመት እንደ ሥራ ዕቃ አልያዝኩትም። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ያለኝን እየሸጥኩ የተሻለ እገዛ ነበር። በሸጥኩ ቁጥር ያተረፍኩ ይመስለኛል። በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ስደምረው የወጣው ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ። ሞተር ለመቀየር ዕቁብ የምትጠብቁ ወይም ብድር የጠየቃችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት በ2011 ሐምሌ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከር ተከልክሎ ነበር። ብዙ ሰው ሞተሩን ወደ ክልል አወጣ። ማውጣት ያልቻለው ባገኘው ዋጋ ሸጠ። እኔም አንድ አፓቼ 180 በ48,000 ብር ገዛሁ። ያጠራቀምኩት የራሴ ገንዘብ ነበር፣ ዕዳ የለበትም። ያኔ ሥራዬም ጥሩ ነበር፣ ልቤም ጥጋብ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ የተጀመረው እዚያው ላይ ነው። ለደንበኛ ዋጋ ስናገር የጥገናውን እጠራና «የመንገድ ደግሞ ይህን ያህል» እል ነበር። የመንገድ የምለው የቤንዚን ብቻ ነው። ጎማ ያልቃል፣ ካቴና ይለጠጣል፣ ፍሪሲዮን ይቃጠላል። እነሱን ማን ይከፍላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሚከፍለው ሞተሩ ራሱ ነበር። እኔ በየቀኑ ከሞተሩ እየቆረስኩ እየበላሁ፣ ሲያረጅ ደግሞ ከቤቴ ገንዘብ እያመጣሁ እሞላዋለሁ።

በ2014 መስከረም አፓቼውን በ90,000 ብር ሸጥኩት። በ48,000 የገዛሁት፣ ከሁለት ዓመት በላይ የሠራሁበት ሞተር ነው። 42,000 ብር አተረፍኩ ብዬ ጓደኞቼን ጋበዝኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይህ ቅጽበት ነው። የሞተሩ ዋጋ የጨመረው ሞተሩ ስለተሻለ አይደለም። ብሩ ስለቀለለ ነው። ብሩ ደግሞ ለሻጭ ብቻ አይቀልም። ልገዛው የሄድኩት ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ያን ጊዜ 165,000 ብር ይጠየቅበት ነበር። 75,000 ብር መጨመር ነበረብኝ። 60,000 ከዕቁብ ወጣልኝ፣ 15,000 ከቤት ወጪ ላይ ቀነስኩ።

ስለ ያማሃው ክፉ አልናገርም። ለኛ አገር መንገድ የተሠራ ነው የሚመስለው። ቁመቱ ድንጋይ ያልፋል። ክብደቱ ጭቃ ውስጥ ብቻዬን አንስቼ የማቆመው ነው። ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። መለዋወጫው ደብረ ብርሃን ካጣሁት ሸኖ፣ ሸኖ ካጣሁት አዲስ አበባ በዚያው ቀን ይገኛል። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

ልቤን የወሰደው ጣርማ በር ነው። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ኋላዬ ላይ ፓምፕ ተጭኖ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ሲና ጀምሮ ያለውን ዳገት በ125 ሲሲ፣ በዚያ ጭነት፣ በጉሙ ውስጥ መውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ቀን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ስወጣ አንድ 250 ሲሲ ሞተር አጠገቤ አልፎኝ ሄደ። ድምፁ ለስላሳ፣ ጉልበቱ የተረፈው። ከዚያ ቀን በኋላ ያማሃዬን ሳየው ትንሽ ሆነብኝ። ሰው በያዘው ነገር ላይ ዓይኑ ከተነሣ አለቀ።

በ2016 ታኅሣሥ አንዱን በደላላ አገኘሁት። ጃፓን ሠራሽ፣ 250 ሲሲ፣ ከአንድ ድርጅት በጨረታ የወጣ። 430,000 ብር። ያማሃዬ 260,000 አወጣ። የጎደለው 170,000 ብር ነው። 100,000ውን ከቁጠባና ብድር ማኅበር በ18 በመቶ ወለድ ወሰድኩ። በወር 5,000 ብር ገደማ፣ ለ24 ወር። ቀሪውን 70,000 መንዝ ካለው አባቴ ዘንድ ነው ያገኘሁት። መሐል ሜዳ አካባቢ በስሜ የሚያረባቸው አሥር እናት በጎች ነበሩ። አንዱን በ7,000 ሒሳብ ሸጥናቸው።

አባቴ አልከለከለኝም። በጎቹን ገበያ ስንነዳ ግን ጠየቀኝ።

«ይኼ ሞተር ይወልዳል እንዴ፣ ልጄ?»

«ሥራ ያመጣል፣ አባባ» አልኩት።

«የፊተኛው አያመጣም ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። በጎቹን ሸጥን፣ ሞተሩን ገዛሁ።

ለአምስት ወር ያህል ደስ ብሎኝ ነዳሁት። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ስወጣ የሚሰማኝ ነገር አሁንም ትዝ ይለኛል። ጀርባዬ አይደክምም። ቤቴ ሳይመሽ እገባለሁ። ትልቅ ሞተር የሚወድ ሰው ስሜቱ ይገባኛል፣ ልወቅሰው አልችልም።

ከዚያ ሊብሬው መጣ። ሲሸጥልኝ በውክልና ነበር የተሸጠልኝ። ደላላው «ውክልናው ይበቃል፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው» አለኝ። እኔም ስም ማዛወሩን «ትንሽ ቆይቶ» አልኩ። በኋላ ስሙን ላዛውር ስሄድ ሞተሩ መጀመሪያ የገባው ከቀረጥ ነፃ እንደሆነና ቀረጡ እንዳልተከፈለ ተነገረኝ። ስሙ ከመዞሩ በፊት ይከፈላል፣ ተገምቶ የመጣልኝ 88,000 ብር ነበር። ከሻጩ ጋር ክስ ልጀምር አስቤ ነበር። በሽማግሌ ተያይዘን 30,000 ብር ሰጠኝ። ቀሪው 58,000 በኔ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ከድርጅት የወጣ ሞተር ስትገዙ የጉምሩክ ሰነዱን በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ እንኳ አትክፈሉ። ውክልና ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። እሱ ከሞተም ውክልናው አብሮት ያበቃል። የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ። ሻጩም ስሙ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ራሱ ይሁን። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚፈጀው አንድ ቀን ነው።

የሊብሬው ጉዳይ ሳያልቅ ፍሪሲዮኑ ተበላ። ለያማሃው ቢሆን በማግስቱ መንገድ ላይ ነኝ። ለ250ው ግን ዕቃው ደብረ ብርሃን የለም፣ አዲስ አበባም ቶሎ አልተገኘም። ስድስት ሳምንት ቆመ። በተከራየሁት ሞተር ሠራሁ። በዚያ ላይ መንገድ የሚዘጋባቸውና ሞተር እንዳይንቀሳቀስ የሚታገድባቸው ሳምንታት ነበሩ። በዚህ ዓመታት እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሞተሩ ቆሞ ይውላል፣ የወሩ 5,000 ብር ግን አይቆምም። ብድር ስትወስዱ በደህናው ወር ገቢያችሁ አትለኩት። በመጥፎው ወር ለኩት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሞተር ዋጋም አብሮ ወጣ። ጓደኞቼ «ጎበዝ፣ በጊዜ ገዛህ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ግን ጎማውም ዘይቱም መለዋወጫውም አብረው ወጥተዋል። ቤንዚን በ2014 ክረምት መግቢያ ላይ 50 ብር አልሞላም ነበር። በ2017 አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። ከማደያ ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የምትገዙበትን ዋጋ ታውቁታላችሁ። 125ው በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄድልኝ ነበር። 250ው 28።

ነገሩ የፈነዳው በ2017 ግንቦት ነው። የኋላ ጎማው አለቀ። አልቆ ሽቦው ታየ። የዚያ ሞተር ጎማ 14,000 ብር ነው። ኪሴ ውስጥ የለም፣ ባንክም የለም። ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ የሚያወጣ ሞተር ግቢዬ ቆሟል፣ ጎማ መግዣ ግን የለኝም። ሸዋ ሮቢት የሚጠብቀኝ ገበሬ ስልክ እየደወለ ነው። ባለቤቴ የዕቁብ ደብተሯን አውጥታ «ና ተቀመጥ፣ ይህን ነገር እንደምረው» አለችኝ።

ያን ማታ ከ2011 ጀምሮ አንድ በአንድ ጻፍን። በሁለቱ ቅያሪ ላይ የጨመርኩት 245,000 ብር። ቀረጡ 58,000። የብድሩ ወለድ ተከፍሎ ሲያልቅ 20,000። ከዚያ የማይታዩት መጡ። የደላላ በመሸጥም በመግዛትም 2 በመቶ። ስም ሲዞር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ። ከመሸጤ በፊት «ዋጋ እንዲያወጣ» ብዬ የቀየርኩት ወንበር፣ ያስቀባሁት ቀለም፣ ያስገባሁት አዲስ ፍሬቻ። እነዚህ ጥቃቅኖች ብቻቸውን 49,800 ብር ሆኑ። ከመጀመሪያው 48,000 ጋር ወደ 420,000 ብር። ቤንዚን የለበትም። ጥገና የለበትም።

ባለቤቴ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ገቢህስ በየትኛው ሞተር ጨመረ?» አለችኝ። አልጨመረም። ገበሬው የሚከፍለኝ ለፓምፑ ነው። በአፓቼ ብሄድ፣ በያማሃ ብሄድ፣ በ250 ብሄድ ክፍያው ያው ነው። እንዲያውም ለሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ የምጠይቀው 600 ብር ነበር። መንገዱ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 250ው ለዚያ ወደ 7 ሊትር ይጠጣል። በ120 ብር ሒሳብ 800 ብር ያልፋል። እየከፈልኩ ነበር የምሠራው።

በሰኔ ሸጥኩት። ልሸጠው ስወስነው አዝኛለሁ፣ እውነቴን ነው። 560,000 ብር አወጣ። በድሮው ሒሳቤ 130,000 ብር አትርፌአለሁ። ግን ያው በ260,000 የሸጥኩት ዓይነት ያማሃ ያን ጊዜ 390,000 ሆኗል። እሱም የጨመረው 130,000 ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ውዱ ሞተር ከዋጋው 30 በመቶ ጨመረ፣ ርካሹ 50 በመቶ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁሉም መካኒክ የሚያውቀውን፣ መለዋወጫ የማይጠፋለትን ሞተር የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ውዱን የሚገዛ ጥቂት ነው፣ እሱም ተደራድሮ ነው።

ያንኑ ዓይነት ያማሃ መልሼ ገዛሁ፣ የተመለሰልኝ ልዩነት 170,000 ብር ነው። ልክ የጨመርኩትን ያህል። በቁጥር ምንም አልጎደለም። በበግ ሲለካ ግን ሌላ ነው። 28,000 ብሩ የብድሩን ቀሪ ዘጋ። ወደ 27,000 ብር ለደላላና ለቴምብር ሄደ። በተረፈው ለአባቴ በግ ልተካለት ገበያ ወጣሁ። አንዷ እናት በግ 11,500 ብር ሆናለች። ስምንት ገዛሁ። ከአሥር በጎች ስምንቱን መለስኩ፣ በመሀል የሚወልዱትን አልቆጠርኩም። የቀረው 23,000 ለያማሃው ሁለት ጎማና ካቴና ከነጥርሱ ዋለ።

አሁን የምሠራበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ሒሳቡ በየሰዉ ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ለማንም ይሠራል። ሞተሬ ላይ የሚያልቀውን ነገር ሁሉ ዋጋውን በሚቆይበት ኪሎ ሜትር አካፈልኩት። የኋላ ጎማ 9,000 ብር፣ በኛ ኮረኮንች 12,000 ኪሎ ሜትር ይቆያል። በኪሎ ሜትር 75 ሳንቲም ማለት ነው። የፊት ጎማው 40 ሳንቲም። ካቴናው 40 ሳንቲም። ዘይት በየ3,000 ኪሎ ሜትር 1,200 ብር፣ እሱም 40 ሳንቲም። ሁሉም ተደምሮ 2 ብር ገደማ መጣ። በላዩ ላይ 3 ብር ለሚቀጥለው ሞተር ጨመርኩ። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ስለምነዳ ይህ ብቻ 60,000 ብር ይሆናል። ከአራት ዓመት በኋላ አሮጌውን ሸጬ በላዩ ላይ የምጨምረው ገንዘብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ዕቁብም ብድርም በግም አልነካም።

ስለዚህ ከቤንዚን ውጪ በኪሎ ሜትር 5 ብር። ለዚህ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ከፈትኩ። ኤቲኤም ካርድ አልወሰድኩም። ማታ ቤት ስገባ ቆጣሪውን አያለሁ፣ የሄድኩትን በ5 አባዛለሁ፣ በስልኬ አስገባለሁ። የማይቀር ነገር አድርጉት። አንድ ሳምንት ካለፈ ብሩ ሌላ ሥራ አግኝቶ ይቆያችኋል።

ይህን ለማድረግ ዋጋዬን ማስተካከል ነበረብኝ። የሸዋ ሮቢት መንገድ 1,500 ብር አልኩ። ፈርቼ ነበር። ሁለት ደንበኞች ተቆጡ፣ አንዱ ጨርሶ ተወኝ። ለቀሩት ግን መንገድ ፈለግሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ የሸዋ ሮቢት ቀን አደረግኩ። በአንድ ጉዞ ሦስት አራት ማሳ አያለሁ፣ የመንገዱን ዋጋ ይካፈሉታል። አንዳንዶቹ አሁን የሚከፍሉት ከድሮው ያነሰ ነው። ድንገት ሲቆምባቸው ብቻ ሙሉውን ይከፍላሉ።

ቤንዚን ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት፣ ጥላሸት ከለበሰ ገንዘባችሁ በማርሚታ እየወጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትነዱበትን ቦታ ለመካኒካችሁ ንገሩት፣ በዚያ ይቃኝላችሁ።

ሌላው ኢንሹራንስ ነው። ቦሎ ለማውጣት የምትገቡት የሦስተኛ ወገን ዋስትና እናንተ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። ሞተራችሁ ቢሰረቅ ወይም ገደል ቢገባ አይተካላችሁም። 430,000 ብር ግቢ ውስጥ አቁሜ በዚያ ወረቀት ተማምኜ መተኛቴን ሳስበው አሁን ይዘገንነኛል። ዕዳ ባለበት ሞተር ላይ ደግሞ ይብሳል። ሞተሩ ይሄዳል፣ ዕዳው ይቀራል።

መቼ ልቀይር ለሚለው የራሴ መለኪያ አለኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለጥገና ያወጣሁት የሞተሩን የገበያ ዋጋ አምስተኛ ካለፈ፣ ወይም በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ካቆመኝ እቀይራለሁ። ከዚያ በፊት የሚመጣብኝ ፍላጎት ስሜት ነው። አንዳንዱ ስሜት በደንብ በመታጠብና ካቴና በማጥበቅ ይበርዳል። በእውነት፣ ሞክሩት። ከመሸጣችሁ በፊትም ቀለም አትቀቡ፣ ወንበር አትቀይሩ። ፍሬኑን፣ ዘይቱንና ሰነዱን አሟሉ። ገዢ የሚከፍለው ለእነዚህ ነው። ዕቁባችሁ ገና ያልደረሳችሁ ከሆነ ደግሞ የሌላ ሰው ዕጣ ወለድ ከፍላችሁ አትግዙ። እኔ አድርጌው አላውቅም፣ ጓደኛዬ ግን አድርጎት እስካሁን እየከፈለ ነው።

ይህን የምጽፈው በኅዳር 2018 ነው። ያማሃውን ከገዛሁ ወዲህ 8,700 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ሁለት ጊዜ ዘይት ቀይሬ፣ የፍሬን ሸራ አስገብቼ፣ ሒሳቡ ውስጥ 38,250 ብር አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ደውሎ «አንድ 250 መጥታለች፣ ለአንተ ነው የያዝኳት» አለኝ። ልቤ ደንገጥ አለ። ቆጣሪዬን አየሁና የኋላ ጎማ ከጥምቀት በፊት መግዛት እንዳለብኝ ነገርኩት። 9,000 ብሩ ተቀምጧል።